በሩ ላይ ያለው ወረቀት

ጥር 6

ጉልበቴ ዛሬም ሲነዘንዘኝ ዋለ። ቢሆንም ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ፤ የፊደል ክፍል ቀን ነው። በር ላይ ካለው የፊርማ ወረቀት ፊት ቆምኩና ስሜን እስከ አያቴ ጻፍኩ። ቀስ ብዬ፣ በትልልቁ። ከኋላዬ ያለ ሰው ይጠብቅ። ወንድሞቼ ደብተር ሲይዙ እኔ መጥረጊያ ይዤ ስልሳ አንድ ዓመት ጠብቄያለሁ።

ስወጣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጠራችኝ። በዕቅድ ስብሰባ ላይ የተጠቃሚዎች ተወካይ ይሁኑ አለችኝ። "እማማ፣ የእርስዎ ሐሳብ ያስፈልገናል።" ያስፈልጋል አሉ... ወንበር የምታሟላ አሮጊት ጠፍታባቸው ይሆናል። ቢሆንም ሰማያዊ ቀሚሴን አጥቤ አሰጣሁ።

ጥር 9

ስብሰባ። የሚቀጥለው ሦስት ወር ዕቅድ ግድግዳ ላይ በካርድ ተለጥፏል። የልጆች ተረት ሰዓት፣ የኮምፒውተር ስልጠና፣ የቅዳሜ ውይይት፣ የእኛ የፊደል ክፍል። የቱ ክፍል፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው... ሁሉም ተጽፏል። ኃላፊዋ ልጅ ሥራዋን ታውቃለች፤ ይህን አልክድም።

ደንብ አላት። በአማካይ ስምንት ሰው ያልመጣበት ፕሮግራም ክፍሉን ለሌላ ይለቃል።

የፊደል ክፍል፦ አራት።

የኮምፒውተሩ አሰልጣኝ ፊቱ በራ። "ሃያ ሰው ተመዝግቦ እየጠበቀኝ ነው። ለባዶ ወንበር ነው እንዴ የምናስተምረው?"

ምን ልበል? ከአራቱ አንዷ እኔ ነኝ። ምላሴ ተሳሰረ። ውሳኔው ጥር 30 ይሆናል ተባለ።

አምና አሥራ አምስት ነበርን። ቤት እስክደርስ ሕዝቡን ስሰድብ ነበር። ሰነፍ ሁላ። ፊደል በነፃ ሲሰጡት የማይመጣ።

ጥር 12

ታናሽ እህቴ ቀሚስ ልታሳጥር መጣች። አትክልት ትሸጣለች፤ አፏ አያርፍም። መማር ከጀመርኩ ወዲህ በሬን ስታንኳኳ "ዶክተሯ አሉ?" ነው የምትለው።

ክፍሉ ሊዘጋ ነው አልኳት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ከቀሚሷ ጠርዝ ክር መዘዘች።

"እኔም መጥቼ ነበር፣ እትዬ። ኅዳር ላይ።"

"የት?"

"እዛው። ወረቀቱን ሳይ... መነጽሬን ረሳሁ አልኳቸውና ተመለስኩ።"

"መነጽር የለሽም እኮ።"

"የለኝም።"

"ከፊቴ ሰልፉ ላይ አንቺ ነበርሽ" አለች። "ስምሽን እንደ ሐውልት ስታቆሚው እጄ ደረቀ።"

መቀሱን አስቀመጥኩ።

ጥር 13

ዛሬ አልፈረምኩም። በሩ ጋ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አየሁ።

አንድ ሰውዬ፣ እጁ ላይ ሲሚንቶ የደረቀ፣ ወረቀቱ ጋ ደረሰ። ያልጮኸ ስልክ አንስቶ እያወራ ወጣ። ሁለት ሴቶች "ቅደሚ"፣ "አንቺ ቅደሚ" ተባብለው ሁለቱም ሄዱ። አንዷ ሽንት ቤት የት ነው ብላ ጠየቀች፤ በዛው ቀረች። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሳይፈርም የተመለሰ ዘጠኝ ሰው ቆጠርኩ።

መጻፍ ሊማር የመጣን ሰው በር ላይ አቁመው "መጀመሪያ ጻፍ" ይሉታል። ወረቀቱ የመጣው ዘንድሮ ነው። እኔ ስጀምር አልነበረም። ቢኖር ኖሮ እገባ ነበር?

አልገባም ነበር። አራት ዓመት ተምሬ ይህን መርሳቴ... ሰነፍ ያልኳቸውን ይቅር ይበሉኝ።

ጥር 14

ቢሮዋ ገባሁ። "ልጄ፣ ወረቀትሽ ይዋሻል።" ያየሁትን ነገርኳት።

"ግን እማማ፣ ሰው ካልቆጠርኩ ለበላዮቼ ምን አሳያለሁ?"

"ቁጠሪ። ብዕር ብቻ አታስይዢ።"

ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ቤቴ ውስጥ የተረፈ ነገር ቢኖር የልብስ ቁልፍ ነው። የገባ ሰው ከሳህን ላይ አንድ ቁልፍ አንስቶ ብልቃጥ ውስጥ ይጥላል፤ በመጨረሻ ይቆጠራል አልኳት። በቃ።

ኃላፊዋ ተነስታ ወረቀቱንም ብዕሩንም ከበሩ ላይ ራሷ አነሳች። "ስድስት ዓመት ዕቅድ ሳወጣ፣ ይህ አልታየኝም" አለች። አከበርኳት። አልነገርኳትም።

ጥር 15

ስድስት ቁልፍ።

ጥር 20

አሥራ አንድ። ባለ ሲሚንቶው ተመለሰ። ቁልፉን አገላብጦ አየና "ከኮቴ የጎደለችው ይቺ ነበረች፤ ለካ እናንተ ጋ ናት" አለኝ። ስቄ ጥርሴን አሳየሁት። ሦስት ብቻ ነው የቀረኝ።

ጥር 29

አሥራ አራት። እህቴ የለችም።

ጥር 30

ስብሰባ። በአማካይ ከአሥር በላይ።

አሰልጣኙ አልተዋጠለትም። "ቁልፍ ማንም ይጥላል። ማስረጃ ማለት ፊርማ ነው።"

ዛሬ ምላሴ አልታሰረም። "ትናንት ሦስት ወንበር ጎድሎን ከየት ያመጣን ይመስልሃል? ከአንተ ክፍል ነው። ዛሬ ጠዋት ቆመው የተማሩብህ ሦስቱ ለምን ይመስልሃል?"

የስብሰባው ጸሐፊ ሳቋን በእጇ አፈነች። እሱም ሳቀ፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ኃላፊዋ ጠዋት ሌላ ሰዓት ከፍታለት ሃያውን ሰው አስተናገደችለት። ዕቅዷ ላይ ደግሞ ጨመረች፦ የፊደል ክፍል ተማሪ የሚፈርመው ኮርሱን ሲጨርስ ነው።

የፊደል ክፍልን ካርድ ሰጠችኝ። "እርስዎ ይለጥፉት።"

ለጠፍኩት። ትንሽ ተጣሟል። ማንም እንዳይነካው ብያለሁ።

የካቲት 18

በር ላይ ነበርኩ፤ አሁን የኔ ቦታ ነው። እህቴ ሳህኑ ፊት ቆማ ቁልፍ ስታማርጥ ዓመት ፈጀች። ከኋላዋ ሰልፉ ቆመ። አላቻኮልኳትም።

"ሰማያዊዋ የኔ ናት። ከሌላው እንዳትቀላቅያት።"

"ለቁጥር ነው እኮ፣ አንቺ ልጅ።"

"ቢሆንም።"

ክፍል ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ሲያልቅ ኃላፊዋ የሦስት ወሩን ፕሮግራም አትማ አደለችን። የፊደል ክፍል ከሚለው ሥር፣ "እንግዳ ተቀባይ" ከሚለው ቀጥሎ፣ ስሜ አለ። እስከ አያቴ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እህቴ ጣቴን ተከትላ አየች። "ምን ይላል?"

"አልነግርሽም።"

"እትዬ..."

"ራስሽ ታነቢዋለሽ።"

"ክፉ ነሽ።"

ነኝ። ወረቀቱን አጣጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።