የእማዬን ካራቫን ማን ይጎትተዋል

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 6

የመኪናውን በር ከፍተው መልሰው ዘጉት። ጋሽ ኤርጊቾ ጆሯቸውን ሰጥተው አዳመጡና "ድምፁን ሰማችሁ? ጤነኛ ነው" አሉ። ምርመራው በዚሁ አለቀ።

እየቀለድኩ አይደለም። ሦስት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሱፍ ለብሰው፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ ሮዘተንቪል ግቢያችን ድረስ መጥተው የሠሩት ሥራ ይሄ ነው። በር መዝጋት። አንዱን ጎማ በጫማ ጫፍ መምታት። ኮፈኑን በመዳፍ መዳበስ። "ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የወንድም ነው" ተባለ። ከዚያ ተጸለየ። ከተጸለየ በኋላ ደግሞ አባዬ "ቆይ እስቲ ላስብበት" ማለት አይችልም። ቃል ወጥቷል።

መኪናው የወንድም ማርቆስ ነው። ትንሽ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሱቅ ደርሶ ለመመለስ የሚሆን። ለሰርግ ቢሆን ዝም እል ነበር። ይሄ ግን ካራቫን ሊጎትት ነው። በጎማ የሚሄድ ቤት።

ይህን ደብተር ወደፊት ሳነበው ያበድኩ እንዳይመስለኝ ነገሩን ልጻፈው። እማዬ ሜይፌር የነበራት ምግብ ቤት ማርች ላይ በኮሮናው ሎክዳውን ተዘጋ፤ ተዘግቶም ቀረ። ስድስት ወር ሙሉ ቤት ተቀምጣ የምትሠራው ስታጣ ግድግዳውን ሁለቴ አጠበች። ከዚያ አሮጌ ካራቫን አገኘች። አልጋውን አውጥታ የጋዝ ምድጃ አስገባች። ከተራራው ማዶ ቤቶች የሚሠሩበት ትልቅ ግቢ አለ፤ እዚያ ለሠራተኞቹ ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎና ወጥ እንድትሸጥ ቦታ ሰጧት። ሁለት ነገር ግን ነግረዋታል። ሰኞ ጠዋት ካልጀመረች ቦታው ለሌላ ሴት ይሰጣል። ማታ ደግሞ ግቢው ውስጥ ምንም ነገር አያድርም፤ በየቀኑ ጎትታ መምጣት፣ ጎትታ መመለስ አለባት።

ማለት በየቀኑ ዳገት። አባዬ እጁ ላይ ያለው ገንዘብ አንድ ያገለገለ መኪና ይገዛል፤ ሁለተኛ አይገዛም። ከተሳሳትን እማዬ ሦስተኛ ጊዜ ግድግዳ ልታጥብ ነው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 7

ትምህርት ቤት በፈረቃ ስለሆነ ዛሬ ቤት ነኝ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ያልሠሩትን ሥራ ሠራሁ።

ካራቫኑ በር አጠገብ ቀለም የተቀባባት ትንሽ ቆርቆሮ አለች። በሳንቲም ፋቅኳት። ከነሙሉ ጭነቱ 1200 ኪሎ ትላለች። ወንድም ማርቆስ መኪናውን ከነቁልፉ ግቢያችን ትቶት ስለሄደ (እምነት ነው) የዳሽቦርዱን ኪስ ከፍቼ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አወጣሁ። ላስቲኩ እንኳን አልተቀደደም። ይሄ መጽሐፍ ከፋብሪካ ወጥቶ የመጀመሪያ አንባቢው እኔ ነኝ።

መኪናው ባዶውን 980 ኪሎ ነው።

የራሱ ፍሬን ያለው ተጎታች ሞልቶ ሲመዘን ከባዶው መኪና መብለጥ የለበትም። ሕጉ ነው፤ ስልኬ ላይ አነበብኩት። ባይሆን ኖሮም ያስታውቃል፤ ከበለጠ ቁልቁለት ላይ ማን ማንን እንደሚነዳ አይታወቅም። የመጽሐፉ ቀጣይ ገጽ ደግሞ ስሌትም አላስፈለገው፤ በደማቁ "ይህ መኪና ለመጎተት አልተሠራም" ይላል።

ለአባዬ አሳየሁት። አባዬ ድሮ ሜይፌር ለጅምላ ነጋዴ ሲሠራ በተጎታች ዕቃ ያመላልስ ነበር። ፈቃዱም አለው፣ ኩራቱም አለው። ገጹን አነበበ። መነጽሩን አወለቀ። መልሶ አደረገና እንደገና አነበበ።

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ታውቃለህ?"

"ቃልዬ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ጸልዮ፣ አሁን 'መኪናህ ደካማ ናት' ልበለው? ወንድም ማርቆስን ነገ በምን ዓይኔ ነው የማየው?"

ማለት ያውቃል። አውቆ ነው የሚገዛው። ካለማወቅ ይሄኛው ይብሳል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ሁሉንም ሰማች። ቢላዋው ፈጠነ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 8

ኮሚቴው ዛሬም መጣ። ጋሽ ኤርጊቾና ሁለቱ ባልደረቦቻቸው። የሁለቱ ሥራ ጋሽ ኤርጊቾ አንድ ነገር ሲሉ "ልክ ነው" ማለት ስለሆነ እኔ ልክ ነው አንደኛና ልክ ነው ሁለተኛ ብያቸዋለሁ። (ይህ ደብተር ከተገኘ አገር እቀይራለሁ።)

የመጡት መኪናው ከኋላ መንጠቆ ስለሌለው እንዲበየድለት ነው። ጎረቤታችን ያለውን መካኒክ ቴንዳይን ጠሩት። ዚምባብዌያዊ ነው፤ ቸኩሎ አያውቅም። ተኝቶ ከመኪናው ስር ገባ። ትንሽ ቆይቶ ወጣ።

"እበይድላችኋለሁ፤ ግን ከምን ጋር? እዚህ ስር መንጠቆ የሚሸከም ብረት የለም። ስትጎትቱ መንጠቆው ከነመከላከያው ተነቅሎ ካራቫኑ ጋር ይቀራል" አለ።

እኔ ተረጎምኩ። ምንም አልጨመርኩም፤ "እንደ ጥርስ" የምትለዋን ብቻ።

ጋሽ ኤርጊቾ "የሱን ሥራ ሊያስወድድ ነው" አሉ።

"ልክ ነው።"

"ልክ ነው።"

ከዚያ እኔ ተናገርኩ። በጨዋ ደንብ፣ እጄን ከፊቴ አጣምሬ። "ጋሽዬ፣ መጽሐፉም እንደዛ ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ ካራቫኑን አስጎትተን ብንሞክረውስ?"

ጋሽ ኤርጊቾ እንደ ሕፃን አዩኝ። "አንቺ ልጅ፣ ወንድም በሸክም አይፈተንም። ማርቆስ እኮ ባዕድ አይደለም። ፈትኑልኝ ሳይለን መኪናውን ብንፈትሽ፣ ዋሽተኸናል ማለታችን ነው። መጽሐፉን ደግሞ የጻፉት ፈረንጆች ናቸው፤ እነሱ ጥንቃቄ ያበዛሉ።"

መኪናውንም የሠሩት እነሱ ናቸው ልል ነበር። የአባዬን ፊት አይቼ ዋጥኩት። እስካሁን አልወረደልኝም።

ስለ ማስክ ግን አንድ ነገር። እኔ ስናገር ሦስቱም ማስካቸውን አፋቸው ላይ አደረጉት።

ከሄዱ በኋላ ቴንዳይ በጣቱ ጠቀሰኝ። ጋራዡ ጓሮ አንድ ባኪ ቆሟል። ናፍጣ ነው፤ ባለ አራት በር፣ ከኋላው ክፍት መጫኛ ያለው። ቀለሙ የታመመ ሰው ዓይን ይመስላል። የግራ በሩ ተጨርምቷል። ባለቤቱ እርሻውን የተወ አንድ ሽማግሌ ነጭ ነው፤ ሊሸጠው ሰጥቶታል። ባዶውን ከ1700 ኪሎ ይበልጣል። መንጠቆው ከሻሲው ጋር የታሰረ ነው፤ ከዓመታት ሥራ ብዛት ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ብልጭ ይላል።

"ይሄ ጎትቶ ያውቃል" አልኩት።

"ከአባትሽ በላይ" አለኝ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 9

ሙሉ ቀን ተናድጄ ዋልኩ። የሂሳብ አስተማሪያችን "ምን ሆነሻል?" ስትለኝ "የመጎተት አቅም" አልኳት።

እማዬን ወጥ ቤት አገኘኋትና አፈረጥኩት። "ካራቫኑ ያንቺ ነው። ለምን ዝም ትያለሽ?"

"ብናገር ነገሩ የኔና የሽማግሌዎቹ ይሆናል። ከዚያ ሰኞ የሚባል ቀን ይረሳና እኔን ማስታረቅ ይጀመራል" አለች። እውነቷን ነው። እነሱ ማስታረቅ ከጀመሩ እስከ ገና አይጨርሱም።

እዚያው ቆሜ አንድ ነገር መጣልኝ። ወንድም በሸክም አይፈተንም። እሺ። ግን ለጸሎት መሄድ ፈተና አይደለም። እማዬ ሽማግሌዎቹን "ቦታዬ ላይ ሄዳችሁ ጸልዩልኝ" ብትላቸው እምቢ ይላሉ? አይሉም። በምን ይሄዳሉ? አሁን በተባረከው መኪና ነዋ። ስንት ናቸው? ከነወንድም ማርቆስና ከነአባዬ አምስት። ጋሽ ኤርጊቾ ብቻቸውን አንድ ተኩል ሰው ናቸው።

ለእማዬ በጆሮዋ ነገርኳት። ሳቋን በሽንኩርት ልጣጭ ሸፈነችው። ስልኳን አነሳች።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 10

እየሳቅኩ ይሁን እየተናደድኩ የምጽፈው አልለየሁትም።

እነሱ አምስቱ በነጯ መኪና ከፊት። እኔና እማዬ ከኋላ በባኪው። የእማዬን የውሃ በርሜል፣ ጠረጴዛና ጋዝ ወስደን ቦታው ላይ የት እንደሚቆሙ ለክተን የምንመልስበት መኪና ያስፈልግ ነበርና ቴንዳይ "ባኪውን ላንቀሳቅሰው ብዬ ነበር" አለ። ይሄን እኔ አላዘዝኩትም። (በግማሽ አዝዤዋለሁ።)

ከሮዘተንቪል ወጥተን ተራራው ጀመረ። ነጯ መጀመሪያ ሮጠች። ከዚያ ሄደች። ከዚያ አሰበች። ከግማሽ ዳገቱ በታች አንድ ሰውዬ ዳቦ አናቱ ላይ ተሸክሞ አለፋት። የሚቃጠል ክላች ሽታ ባኪው ውስጥ ድረስ ገባ፤ ማስኬን አልፎ። ከዚያ ቀጥ አለች።

በሮቹ አንድ ባንድ ተከፈቱ። ለካ በሮቿ እውነትም ጥሩ ድምፅ አላቸው። ሽማግሌዎቹና አባዬ ወርደው ዳገቱን በእግራቸው ተያያዙት። ወንድም ማርቆስ ባዶዋን ይዞ ወጣ። ጋሽ ኤርጊቾ ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ አድርገው እያለከለኩ "የቅዳሜ ነዳጅ ነው፤ ይቀላቅሉበታል" አሉ።

"ልክ... ነው" አለ አንደኛው። ሁለተኛው ትንፋሽ አልነበረውም።

ቴንዳይ ቀስ ብሎ አለፋቸው። በጨዋ ደንብ፣ እጁን አውጥቶ ሰላምታ እየሰጠ። እማዬ ፊት ለፊት ብቻ ነበር የምታየው።

ላይ ስንደርስ ጸሎት ተደረገ። ረጅም ነበር፤ ማረፊያም ጭምር ነበርና። ከዚያ ወንድም ማርቆስ አባዬን ጎተት አድርጎ ወደ ባኪው አመጣው። እኔ በርሜሉን እያወረድኩ ነበር፤ ጆሮዬን ግን አላወረድኩም።

"ወንድሜ፣ ቅር አይበልህና ይቺ መኪና ለዚህ ሥራ አትሆንም" አለው። "እውነቱን ልንገርህ። ልሸጣትም አልፈለግኩም ነበር። ጋሽ ኤርጊቾ ደውለው 'መኪናህን ለወንድምህ ስጥ' ሲሉኝ እምቢ ማለት አፍሬ ነው። ባለቤቴ ከማክሰኞ ጀምሮ አላናገረችኝም።"

አባዬ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ወንድም ማርቆስም። ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ ርቀት ጠብቁ የተባለውን ረስተው።

ይታይልኝ። አንዱ መግዛት አይፈልግም። አንዱ መሸጥ አይፈልግም። ሁለቱም እየተፋፈሩ የእማዬን ሰኞ ሊበሏት ነበር።

ጋሽ ኤርጊቾ ምን አሉ? "እኔ መጀመሪያውንም ልቤ አልተቀበላትም ነበር። እግዚአብሔር በዳገቱ ተናገረ።"

በዳገቱ። ረቡዕ ለት በመጽሐፉ ሲናገር ማን ሰማው?

እሁድ፣ ኦክቶበር 11

ከአምልኮ በኋላ ባኪውን ለማየት ኮሚቴው ከነሙሉ አባሉ ቴንዳይ ጓሮ ተገኘ። ባለቤቱ ሽማግሌ ነጭም ቁምጣና ረጅም ካልሲ አድርጎ መጣ።

ባዕድን መፈተን ነውር አይደለም ለካ። ጋሽ ኤርጊቾ ሱፋቸውን እንደለበሱ ካርቶን አንጥፈው ስሩ ገቡ። ዘይቱን በጣታቸው አሻሹ፣ አሸተቱ። ጭሱን ነጭ መሀረብ ላይ አስተፉት። ካራቫኑን አስቀጥለው፣ ውስጡን በውሃ ጄሪካን አስሞልተው፣ ዳገቱን አንዴ አይደለም ሁለቴ አስወጡት። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን አስያዙ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሽማግሌው ነጭ ቅር አላለውም። እንዲያውም "ይሄ ሰውዬ ያውቃል" አለኝ።

ያውቃል እኮ። ሲፈልግ ያውቃል። ለማናውቀው ሰው መኪና መሬት ላይ ይተኛል፤ ለወንድም መኪና ግን መጽሐፍ አይገለጥም። ይሄን ነገር ሳስበው ጥርሴን ያመኛል።

ስም ማዞሪያው ተፈረመ። ልክ ነው ሁለተኛ ብቻ "ቀለሙ ግን..." ብሎ ጀመረ። እማዬ ዞር ብላ አየችው። ተወው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 12

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣን። ባኪው ዳገቱን እያጉረመረመ ወጣ፤ ግን ወጣ። ግቢው በር ላይ የቆመው ዘበኛ ግንባራችንን በሙቀት መለኪያው ተኩሶ አስገባን። ሌላዋ ሴት ድስቷን ይዛ ዛፉ ስር ቆማ ነበር፤ ካልመጣን ልትገባ። ፊቷን ማየት ከብዶኝ ጫማዋን አየሁ። እማዬ ወርዳ ረጅም ሰዓት አናገረቻት። ከነገ ጀምሮ የተጠበሰውን ሊጥ፣ ማግዊኛውን፣ እሷ ትሠራለች፤ እማዬ ወጡን። እኔ አልተማከርኩም፤ ይሁን።

አባዬ ካራቫኑን ወደኋላ ለማስገባት ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀበት። አሥር ዓመት ጎትቻለሁ ያለው አባዬ። ሃምሳ ግንበኛ ቆሞ በዙሉኛ፣ በሶቶኛና በእጅ ምልክት እየመራው።

ምግቡ ሰባት ሰዓት ሳይሆን አለቀ። እማዬ ባዶውን ድስት ገልብጣ ላዩ ላይ ተቀመጠች። ማስኳ ከጉንጯ ጋር ወደ ላይ ሄደ።

ማታ ካራቫኑን ግቢያችን መልሰን ካቆምን በኋላ ባኪው ስር ጠብታ አየሁ። አንድ ጠብ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። አባዬን ጠራሁት።

"የኤር ኮንዲሽነሩ ውሃ ነው፤ አትጨነቂ" አለኝ።

ባኪው ኤር ኮንዲሽነር የለውም።

የጠብታው ቀለም እንዲታይ ንጹሕ ካርቶን ስሩ አስገብቻለሁ። የባኪውን መጽሐፍ ደግሞ ትራሴ ላይ ይዤዋለሁ፤ ይሄኛው ቢያንስ የሰው እጅ ነክቶታል፣ ገጾቹ በቅባት ጣት ተገልጠዋል። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ "ስለ ጠብታ ምን ይላል?" ብሎ ጠየቀኝ። እያየሁ ነው አልኩት። ውሃ ከሆነ ነገም እንሄዳለን። ዘይት ከሆነ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ቴንዳይን አስነሳዋለሁ።