የማሪጎ ጭስ ማውጫ

ሰኞ፣ የካቲት 2

ማሪጎ ዛሬም ተመታች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለስድስተኛ ጊዜ!

ሌክ ሲቲ ሰፈር ቤቱ እየሄድኩ የምንከባከበው ግሪካዊ ሽማግሌ፣ ሚስተር ኮስታስ፣ ቁርሱን ሳይጨርስ ታሪኳን ይጀምራል። በጦርነቱ ጊዜ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ... ማሪጎ የምትባል የመንገደኛ መርከብ... ከባሕር ሥር የተተኮሰ ቶርፒዶ... እናቱ በአንድ እጇ እሱን፣ በሌላው ዶሮ አቅፋ። መርከቧ ግን አልሰጠመችም፣ እየተንፏቀቀች እስክንድርያ ገባች።

"ዋው" አልኩት። ከዚያ እዚያው ፊቱ ለጓደኛዬ ለሰምሃል ኮል አደረግኩ፣ በአማርኛ።

"ሽማግሌው ዛሬ ደግሞ ዶሮ ጨመረበት!"

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ጉድ ፈላ። አቧራ ስወለውል ማሪጎን ጣልኳት። መደርደሪያው ላይ ያለችውን ትንሿን መርከብ፣ አባቱ ከእንጨት የሠራለትን። ጭስ ማውጫዋ ተገነጠለ። ቶርፒዶ ያቃተውን እኔ በአቧራ ጨርቅ!

ሴት ልጁ ኢሪኒ ስትመጣ አየችው። "ማነው?" ስትል የሽማግሌው ድመት አጠገቤ ነበረች... "ድመቷ" አልኩ። ጭስ ማውጫውስ? "ይዛው ሮጠች።" ኪሴ ውስጥ ነው። ምን ላድርግ፣ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ።

ኢሪኒ ስትሄድ ለሰምሃል በስልክ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ሽማግሌው ሻዩን እየጠጣ ፈገግ ያለ መሰለኝ። ሰው ሠራሽ ጥርሱ አልመች ብሎት ይሆናል።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ድመቷ ቀኑን ሙሉ አፍጥጣ አየችኝ።

እሑድ፣ የካቲት 8

ኢሪኒ ቴክስት አደረገች። ነገ ድመቷን ለእንስሳት ሼልተር ልትሰጣት ነው። በእኔ ውሸት! ሽማግሌው እኮ ጉልበቱ ላይ ካልተኛች ሻይ እንኳ አይጠጣም። ብናገር እባረራለሁ። ዝም ብልስ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሰኞ፣ የካቲት 9

ኢሪኒ የድመት ሳጥን ይዛ መጣች። ድመቷን ልትይዝ ጎንበስ ስትል አላስቻለኝም። ጭስ ማውጫውን ከኪሴ አወጣሁና "እኔ ነኝ" አልኳት። ፊቷ ቀላ።

ሚስተር ኮስታስ እጃቸውን አነሱ። "ቶርፒዶ ነው የመታት" አሏት በእንግሊዝኛ። "ስንት ጊዜ ልንገርሽ? አሁን ይህችን ልጅም ድመቷንም እንዳትነኪብኝ።"

ኢሪኒ ሳታስበው ሳቀች። ባዶ ሳጥኗን ይዛ ሄደች።

በሩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞሩ። በአማርኛ! ጥርት ባለ አማርኛ!

"ሙጫው መሳቢያው ውስጥ አለ። ዶሮዋ ደግሞ እውነት ናት።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለካ ጦርነቱ ሲያበቃ አባታቸው ድሬዳዋ ሱቅ ከፍተው ነበር። እሳቸው እዚያ ነው ያደጉት፣ ሃያ ሰባት ዓመት!

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ብናገር እኔ ፊት ማውራት ትተዪ ነበር። እዚህ ቤት ሌላ ማን ያወራል?" ድመቷን ጉልበታቸው ላይ አደላደሉ። "ሰምሃል ግን ያንን ፍቅረኛዋን ተወችው?"

ሙጫውን ይዤ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው።

"ዋው" አሉ።