የእትዬ ሴሎች

ጥቅምት 8
ሥራ እንደ ወትሮው። ካንሰር ሆዳቸው ውስጥ ከተሰራጨባቸው ሰዎች የተቀዳ ውሃ ወደ ቤተ ሙከራችን ይመጣል። ሴሎቹን በጠርሙስ እያሳደግን የሞቀ መድኃኒት እንሞክርባቸዋለን። አብዛኞቹ አይበቅሉም፤ አንዱ ሲይዝልን ታዲያ ደስታችን ልክ የለውም... ጉደኞች ነን።

ዛሬ የመጣው የእትዬ ነው። የታላቅ እህቴ። አለቃዬ ለሌላ ሰው ልስጠው ወይ አለኝ። እምቢ አልኩ። ምን አስቤ ነው?

ጥቅምት 14
ያዙ! ሮጬ ደወልኩላት። በጣም ጎበዞች ናቸው፣ ከጠበቅነው በላይ እያደጉ ነው አልኳት። ያኔ ነው ያልኩት የገባኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

"ለእኔ ነው ለእነሱ የምትጸልዪው?" ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ጥቅምት 15
ለሙከራ ገና አይበቁም።

ጥቅምት 27
ቀዶ ሐኪሙ ዕቅዱን ነገረን። የሚታየውን ሁሉ ለቅሞ ያወጣል፣ ከዚያ የሞቀውን መድኃኒት ሆዷ ውስጥ ያዘዋውራል። ሙሉ ቀን ይፈጃል። ለቅሞ መጨረስ ካልቻለ ግን መድኃኒቱን አይሰጣትም። እትዬ "እህል መልቀም በሉኛ፤ አደራ፣ የቀረ ጠጠር ጥርስ ይሰብራል" አለችው። ሐኪሙ እንኳ ሳቀ።

ኅዳር 3
ሆዷን ከፍተው ዘጉት። ትንሹ አንጀቷ ላይ ሁሉ ተዘርቷል። ልልቀም ቢል አንጀት አይተርፋትም። መድኃኒቱን ማሞቅ እንኳ አልጀመሩም።

ስትነቃ ሰዓት ጠየቀችኝ። ገና ረፋድ ነበር። መዋሸት አማረኝ... ነገርኳት።

"ቶሎ ጨረሱ" አለች።

ኅዳር 9
ሴሎቹን ልያቸው አለችኝ። በተሽከርካሪ ወንበር አመጣኋት። ደንቡ አይፈቅድም፤ አለቃዬ እንዳላየ ሆኖ ወጣ። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

"ምን በድያቸው ነው?"

ኅዳር 21
እትዬ ዛሬ ጠዋት አረፈች። እማዬ ልብሷን ማንም እንዳይነካ ብላለች።

ታኅሣሥ 6
ሥራ ገባሁ። እኔ በሌለሁበት ባልደረባዬ ስትመግባቸው ከርማለች። ጠርሙሱን ሞልተውታል። ለሙከራ በቁ... አሁን! በረኪናውን አነሳሁ፣ ልደፋባቸው። አንጀቴ እስኪያር ጠላኋቸው። አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። መልሼ አስቀመጥኩት። እትዬ ፈቅዳ የሰጠችው ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብላ ነው።

ታኅሣሥ 8
የሞቀውን መድኃኒት ትናንት ራሴ ጨመርኩ፣ ሁሉም ላይ። ዛሬ ሳያቸው ከጠርሙሱ ወለል ተነቅለው፣ ተጨማድደው ይንሳፈፋሉ። በሕይወት ያለ ፈልጌ አጣሁ። ሁሉም መጥተው አዩ፤ የተደሰተ አልነበረም።

"ሠራ እኮ" አለችኝ ባልደረባዬ ቀስ ብላ።

አዎ፣ ሠራ። ከእትዬ በሕይወት የቀረውን በገዛ እጄ ገደልኩት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ አልወጣልኝም።