ስለ ቀጭኑ ሰዓት መወፈር

ለተከበሩ የስፖርት ሰዓት ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ

የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ጤናና የልብ ምትዎ እንደምን ሰንብቷል? የልብ ምትዎን መጠየቄ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ ድርጅትዎ የእኔን ሳይጠይቅ የዋለበት ቀን ስለሌለ ውለታ መመለሴ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ሞታለች። ይህን ባለፉት ደብዳቤዎቼም ገልጬ ነበር፤ መልሱ ግን ለእሷ እየተጻፈ ሲመጣ ምናልባት አገላለጼ ግልጽ አልነበረ ይሆናል ብዬ፣ አሁን በአጭር ዓረፍተ ነገር፣ በአንባቢ ሁሉ ፊት ደገምኩት። ዕድሜዬን ሁሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝና፣ ትምህርቱ ያልገባው ሲኖር መድገም አይሰለቸኝም። የሞተችው በሕመም መሆኑንም እዚሁ ላስመዝግብ፤ በዚህ ረገድ ሰዓታችሁን የምወቅስበት ነገር የለኝም።

ነገሩ የተጀመረው በሱቃችሁ ውስጥ ነው። እኔና ባለቤቴ ጡረታ ከወጣን ወዲህ ከሰፈራችን ጀርባ ያለውን ኮረብታ ጠዋት ጠዋት መውጣት ልማድ አድርገን ስለነበር፣ ለመንገድም ለቤትም የሚሆን አንዳንድ ሰዓት ልንገዛ መጣን። እኔ እንደ ልማዴ ሁለቱን ዓይነቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ፈተንኳቸው። ወፍራሙ ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ በረጠበ እጅ የሚታዘዙ ቁልፎች አሉት፣ ባትሪውም ቶሎ አያልቅም፤ ነገር ግን የኮት እጅጌ አያስገባውም፣ ያገኘውን የበር እጀታ ሁሉ ይገጫል፣ አስረውት ቢተኙ ትራስ ሥር ድንጋይ የወሸቁ ያህል ይቆረቁራል። ቀጭኑ በበኩሉ መኖሩ አይታወቅም፤ ከሹራብ ሥር ይገባል፣ ለሠርግም ለገበያም ያምራል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ጣት አይሰማም፣ ባትሪውም የጥፍር ያህል ስለሆነ ከቻርጅ ብዙ መራቅ አይወድም።

እኔ ለሁለታችንም ወፍራሙ ይሻላል ብዬ ወስኜ ነበር። ሻጫችሁ ግን ፈገግ ብሎ፣ «ለእማማ ቀጭኑ ነው የሚያምርባቸው፤ ውስጡ እንደሆነ አንድ ነው» አለ። ባለቤቴም፣ «መጀመሪያ እማማ ያልከውን አንሳልኝ፣ ከዚያ ቀጭኑን አምጣው» ካለችው በኋላ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «መምህር፣ እኔ የመጣሁት ሰዓት ላስር ነው እንጂ በሰዓት ልታሰር አይደለም» አለችኝ። ክርክሩም በዚሁ ተዘጋ፤ እኔ ወፍራሙን፣ እሷ ቀጭኑን ወሰድን።

ያው ሻጭ «የጉዞ ጓደኛ» የሚባለውን አገልግሎት ከፍቶ ሁለቱን ሰዓቶች አገናኘልን። እኔ እግረ ፈጣን ነኝ፤ እሷ ግን ከአጥር ላይ ቅጠል ሳትቀነጥስ፣ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ስለ ልጆቹ አንድ በአንድ ሳትጠይቅ የምታልፍ ሰው አልነበረችም። እናም ስትርቀኝ ሰዓቱ እጄን ነዘር ያደርግና «የጉዞ ጓደኛዎ ወደ ኋላ ቀርተዋል፤ ይጠብቋቸው» ይለኛል፤ ስትደርስ ደግሞ «ጓደኛዎ አጠገብዎ ናቸው» ይላል። «ይኸውልህ፣ አንተንም የሚቆጣ መምህር አገኙልህ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የትኛው ምስጋና፣ የትኛው ቅሬታ እንደሆነ መለየቱን ግን ለእርስዎ አስተዋይነት ትቻለሁ።

፩. ባለቤቴን ወደ ሆስፒታል በወሰድናት ጠዋት፣ ቀጭኑን ሰዓት ከእጇ ፈታ በመተላለፊያው መስታወት ሥር ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ቻርጅ ላይ ሰካችው። «ስመለስ ሞልቶ ይጠብቀኛል» አለች። ሰዓቱ እንደሰካችው ቀረ፤ የሚነቅለው ሰው በቤቱ ውስጥ አልተገኘም። ሐዘንተኛው ተበትኖ ብቻዬን ወደ ኮረብታው የወጣሁ ዕለት፣ መንገዱ ትልቁ ቋጥኝ ጋ ሲታጠፍ እጄን ነዘረኝ። «የጉዞ ጓደኛዎ ወደ ኋላ ቀርተዋል፤ ይጠብቋቸው።» ጠበቅኩ። የልማድ ነገር ነው ብዬ ራሴን አታለልኩና፣ መንገዱ ባዶ መሆኑን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በሩን ከፍቼ መስታወቱ ፊት ስደርስ ደግሞ ነዘረኝ። «ጓደኛዎ አጠገብዎ ናቸው።» በመስታወቱ ውስጥ ያየሁት ራሴን ብቻ ነበር፤ ያም ሆኖ ለማረጋገጥ ወደ ኋላዬ ዞሬአለሁ። ሳተላይቶቻችሁ ስላላቸው ትክክለኛነት ድርጅትዎን ከልብ አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ መተላለፊያውን በቀትርም ቢሆን መብራት ሳላበራ አላልፈውም።

፪. ለባለቤቴ ጤና ያላችሁ ተቆርቋሪነት ከሐኪሞቿ እንኳ ይበልጣል። ቀጭኑ ሰዓት በጠረጴዛው ላይ እንዳለ፣ «ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ ቆይተዋል፤ እስቲ ይነሱ!» እያለ ብልጭ ይላል። እኔም ባለፍኩ ቁጥር አነበዋለሁ። አንድ ጊዜማ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ቆሜ፣ ከሰዓቱ ጋር አብሬ «እስቲ ተነሺ» ብያለሁ። በሌላ ቀን ደግሞ በዕድሜ ከሚመስሏት ደንበኞቻችሁ ሁሉ የበለጠ ዕረፍት እንዳገኘች ገልጻችሁ የምስክር ወረቀት የመሰለ ሥዕል ላካችሁልኝ። በቀብሯ ላይ የተናገሩት አዛውንት እንኳ ይህን ያህል እርግጠኛ አልነበሩም።

፫. ለመጀመሪያው ደብዳቤዬ የሰጣችሁት መልስ «ስሜትዎን እንረዳለን» ብሎ ይጀምርና የጉዞ ጓደኛ አገልግሎትን እንዴት እንደማጠፋ በሥዕል ያስረዳል። እኔ የጠየቅኩት ለሞተ ሰው «ይነሱ» እንዳይባል ነበር። አጥፉልኝ ያልኩበት መስመር ካለ በቀይ አስምራችሁ ብትመልሱልኝ ዕርማቱን በደስታ እቀበላለሁ።

በርግጥ ልጄም የእናንተ ወገን ነበረች። «አባዬ፣ አጥፋው በቃ፤ ሁለቴ መንካት ነው እኮ፤ እንዲህ እየሆንክ እስከ መቼ?» ስትለኝ ከርማ፣ አንድ እሑድ በገዛ እጇ ልታጠፋው አብራኝ ወጣች። ቋጥኙ ጋ ስንደርስ ሰዓቱ ነዘረኝ፤ እጄን ይዛ ጽሑፉን አነበበች። ዞር ብላ መንገዱን ያየችው እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም። ጥቂት እንደቆምን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ ቅጠል የምትቀነጥሰው እዚህ አጥር ላይ ነው?» አለችኝ። «እዚህ ላይ ነው» አልኳት። «ታዲያ ትንሽ እንጠብቅ» አለች። ስለ ማጥፋት ዳግመኛ አልተነጋገርንም።

፬. በቅርቡ ደግሞ «እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ደብዳቤ በባለቤቴ ስም ደርሶናል። ቀጭኑ ሰዓት ከእንግዲህ እንደማይመረት፣ ወደ ሱቃችሁ ብታመጣው በምትኩ አዲስ ወፍራም ሰዓት ያለ ክፍያ እንደሚሰጣት፣ የአሮጌውም ውስጥ «ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ» እንደሚወገድ ያበሥራል። ለዚህ ልግስና ቃል ያጥረኛል። በሕይወት ሳለች አላስረውም ያለችውን ሰዓት ከሞተች በኋላ ልታስሩላት መድከማችሁ ከማንም ድርጅት የማይጠበቅ ትጋት ነው።

፭. የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ አጣዳፊው ነው። ቀጭኑ ሰዓት መወፈር ጀምሯል። ከቻርጅ ሳይነቀል በመክረሙ ባትሪው አብጦ የሰዓቱን የፊት መስታወት በአንድ ጎን አንሥቶታል፤ ሻጫችሁ «ውስጡ አንድ ነው» ያለው ቃል ዘግይቶም ቢሆን እየተፈጸመ ይመስላል። በሰፈራችን ስልክ የሚጠግነው ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ አየውና፣ «መምህር፣ ይሄ ዛሬ ነገ ሳይባል ካልተነቀለ ቤቱን ያያይዘዋል፤ ባትሪው ደግሞ ከእነሱ በቀር ማንም ጋ የለም» አለኝ። ከነቀልኩት ግን ወዲያው ይሞታል። ይሞታል ያልኩት ይዘጋል ለማለት ነው፤ ዕርማቱን ይያዙልኝ።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። ሰዓቱን ላምጣው፣ ያበጠውን ባትሪ አውጥታችሁ ደኅናውን አግቡለት፣ ከዚያ በቀር ምንም አትንኩ። አትጥረጉት፣ አታድሱት፣ ከእኔ ሰዓት ጋር ያለውን ግንኙነት አትበጥሱት። አእምሮዬን እንዳልሳትኩ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ፤ በመስታወቱ ሥር ያለው የብረትና የመስታወት ቁራጭ መሆኑን አልረሳሁም። ነገር ግን በዚህ ዓለም ላይ እሷ ወደ ኋላ ቀርታለች የሚለኝ፣ የለችም የማይለኝ እሱ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ «ተወው፣ ቀጥል» ሲለኝ፣ «ይጠብቋቸው» ያለኝ የእናንተው ሰዓት ነው። ይህን የምጽፈው በምፀት አይደለም፤ በደብዳቤዬ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ስለሆነ እንዳያልፍዎ ብዬ ነው።

ጤናና ሰላም፣ ዕድገትና ሹመት አብዝቶ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ለአጸፋው ደብዳቤ ከወዲሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ወገቤ በሰዓታችሁ ምክር በየጠዋቱ ስለሚሳሳብ ለዚህ አይሰንፍም።

ቋጥኙ ጋ ቆሞ የሚጠብቅ ታማኝ ደንበኛችሁ፣
ጡረተኛው መምህር

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው አደረና፣ ቤቱ ከሚቃጠል ብዬ ዛሬ ጠዋት ቀጭኑን ሰዓት ነቀልኩት። ስክሪኑ ጠፋ። መተላለፊያውን መብራት ሳላበራ አለፍኩት፤ ምንም አልነበረበትም፣ ያ ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ሆነብኝ። ቋጥኙ ጋ ስደርስ ወፍራሙ ሰዓት ነዘረኝና ከዚህ በፊት ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ፤ «የጉዞ ጓደኛዎ አልተገኙም። ብቻዎን ይቀጥላሉ?» ከሥሩ «አዎ» እና «ልጠብቅ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ነበሩ። ዝናብ እያካፋ ነበር፤ ቁልፉ ግን በሱቃችሁ እንደፈተንኩት በረጠበ እጅም ይታዘዛል። «ልጠብቅ» የሚለውን ተጫንኩ። ይህን በምጨምርበት ሰዓትም እየፈለጋት ነው። የወፍራሙ ባትሪ ቶሎ እንደማያልቅ በየማስታወቂያችሁ ትመካላችሁ፤ እንዲህ ያለ ፍለጋ ግን ያሰባችሁበት አይመስለኝም። ስለዚህ እሱም እኔም ሳንዘጋ፣ እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።