የቤታችንን ስም ያስበላች ትል

ልጄ፣ መንጠቆሽ ባዶውን አይመለስ፤ እኛ ደህና ነን። ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ የቤታችንን ስም ውሃ በላው!

በዓሣ ማጥመድ ሻምፒዮን ከሆንሽ ወዲህ ለሰፈሩ ሁሉ «እኔ ነኝ ያስተማርኳት» ስል ከረምኩ። እሁድ ዕለት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን እኔንና አባትሽን ሐይቁ ዳር ወሰደችንና፣ «በይ እትዬ፣ እስቲ አሳዪን» ብላ የማጥመጃ ዘንግና የትል ጣሳ ሰጠችኝ። አንዷ ትል ጣቴ ላይ ስትላወስ ዘንጉን ውሃ ውስጥ ወርውሬ እየጮህኩ ሮጥኩ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከትል የሚሸሽ ግን ዛሬ አየሁ!» አለች።

የእውነት ያስተማረሽ አባትሽ አልሳቀም። ዘንጉን አውጥቶ በሸሚዙ ጠረገው። ያፈርኩት ያኔ ነው። አደራ፣ ስትደውዪለት «ያስተማርከኝ አንተ ነህ» በይልኝ፤ የኔ አፍ ተሳስሯል።

እጅሽ ይባረክ። ለነገሩ ትሏ ከጥፍሬ አትበልጥም ነበር።