ሮቢት የሚባለው ስልክ

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር 2009 ዓ.ም.

ለቀድሞ ወዳጄ፣

ሰላም ላንተም ለቤትህም ይሁን። ጤናህ እንዴት ሰነበተ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የአባቴ ዓይን ደከም ብሏል፤ ግን አሁንም በእግራቸው መስጊድ ይደርሳሉ። ማሾው ተሰብስቧል፣ ሙቀቱም ለጊዜው ጋብ ብሏል።

ከመስክ ስትመለስ እንድታገኘው ብዬ ነው ወደ መሥሪያ ቤትህ የላክሁት።

ደብረ ብርሃን ሳለን ያቺን ዊኪ፣ የጋራ ማስታወሻችንን፣ ለትምህርት ብለን ነበር የጀመርናት። አንተ በላፕቶፕህ፣ እኔ በስልኬ እንጽፋለን፤ ኢንተርኔት ሲያገኙ ሁለቱ ይናበቡና ያንዳችን ጽሑፍ ሌላችን ጋ ይደርሳል። ውሎ አድሮ ከትምህርቱ ይልቅ የእኛው ነገር በዛባት። ቤተሰቦቻችን በሃይማኖት ምክንያት እንቢ ብለውን ስንለያይ አንተ መጻፉን ቀጠልክ፤ «ሮቢት» ብለህ የመዘገብከውን የእኔን ስልክ ግን ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር አላወጣኸውም። ረስተኸው ይሆናል። እኔም አላወጣሁትም። አንዲት ቃል ሳልጨምር አነብ ነበር። ስታገባ አነበብኩ። የባለቤትህ ስልክ ሲጨመር አየሁ። ልጅህ ሕይወት ስትወለድ በስሟ ገጽ ከፈትክላት፤ ክብደቷን፣ ክትባቷን፣ የመጀመሪያ ጥርሷን ሁሉ አውቃለሁ። ደስታም ኀዘንም አልተሰማኝም። አንብቤ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ፤ ማመልከቻ የምጽፍበት ጽሕፈት ቤቴ መቼም ሰው አያጣም።

መስከረም ላይ ባለቤትህ እናቷን ልትጠይቅ ማጀቴ ሄዳ ሳለ ሕይወት መርፌ ተወግታ ሰውነቷ አብጦ ነበር። «ፔኒሲሊን አይስማማትም። እናቷ እንዳትደነግጥ አልነገርኳትም፤ እዚህ ታገኘዋለች» ብለህ ጻፍክ። አንተ የሚከብድህን ነገር ለሰው ከመንገር መጻፍ ይቀልሃል። ከዚያ የስልክ ኢንተርኔት ተዘጋ። ሲከፈት መሣሪያዎቹ ተናበቡ፤ ባለቤትህ እስከዚያ በስልኳ ስትጽፍ የቆየችው ገጽ ያንተን ተካው። የፔኒሲሊኗ መስመር ጠፋች። ከእኔም ስልክ ላይ እያየኋት ጠፋች።

ባለፈው ሐሙስ ባለቤትህ፣ የልጅቷ ጉሮሮ መቁሰሉን፣ በማግስቱ ሐኪም ቤት እንደምትወስዳት ጻፈች። ደወልኩልህ፤ ስልክህ አይሠራም። ስለዚህ መስመሯን ከገጹ ራስ ላይ መልሼ ጻፍኳት።

ብዙም ሳይቆይ ከሥሩ ጥያቄ መጣ።

«ሮቢት የሚባለው ስልክ የማን ነው?»

የልጅቷ አባት የትምህርት ቤት ጓደኛ መሆኔን ለባለቤትህ ነገርኳት፤ መስከረም ላይ ልጅቷ የሆነችውንም ጻፍኩላት። ስሜን ጠየቀችኝ።

«ሐያት» አልኳት።

በማግስቱ ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት እንዳዘዘ፣ ልጅቷም ምግብ እንደቀመሰች ጻፈችልኝ። አመሰገነችኝ። ከዚያ ዝቅ ብላ እንዲህ አለች፦ «ሐያት ማለት ሕይወት ነው አሉኝ። የልጄን ስም ያወጣው አባቷ ነው። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም ነበር።»

ስልኬን ከዝርዝሩ አወጣሁ፤ እኔ ጋ የነበረውንም ቅጂ አጠፋሁ። ያኔ አንድ ሰውዬ ማመልከቻ ሊያስጽፍ ገባ። ጻፍኩለት።

አሁን ቤትህ ስትገባ ትጠይቅሃለች። አደራህን፣ በዊኪው ላይ አትጻፍላት። ፊት ለፊት ተቀምጠህ በአፍህ ንገራት።

አላህ ልጅህን በጤና ያሳድግልህ፤ እናቷንም ያቆይላት። ደጅህ ሰላም አይጣ።

የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛህ