ስንት ሰው አለ?

የለም፣ እነዚህ ባዕድ ወታደሮች ካገራችን ቀስ እያሉ ይውጡ የሚለውን አልሰማም! ሳይጠሩት የመጣ ሳይሸኙት ይሂድ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው «ምርጫው ይለፍና ይውጡ» ይለኛል። «አንተማ ምን አለብህ፣ ሱሪያቸውን የምትጠግን!» አልኩት።

ልጄ፣ ባለህበት ይቅናህ፣ ክፉ አይንካህ። ልጆችህን ሳምልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ እንቢ ብሎኛል።

ጠዋት ጠዋት አንዱ ወታደር መዝገቡን ይዞ እያንኳኳ የቤቱን ሰው ይቆጥራል። ከቋንቋችን የሚያውቀው «ስንት ሰው?» ማለት ብቻ ነው። አንድ ቀን ሳላስበው አንተን ቆጥሬ «ሁለት» ብዬው እርፍ! ሁለተኛው የታለ ብለው አልጋህን ገለበጡት፣ ቁምሳጥንህን በረበሩት። ከዚያ ወዲህ «አንድ» ነው የምለው። እውነቱን ልንገርህ? ከሱ ሌላ በሬን የሚያንኳኳ የለም።

«እነሱ ሲወጡ እመጣለሁ» ብለሃል። ከሰው ሁሉ የምጨቃጨቀው ለዚሁ ነው። ቀስ እያሉ ይውጡ ለሚሉት አንድ ዓመት ምንም አይደለም፤ ለኔ ግን ብዙ ነው። በወጡ ማግስት ና፣ እሺ የኔ ዓለም? ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

ቆይ፣ በሩ ተንኳኳ። «ስንት ሰው?» እያለ ነው። ሄጄ «አንድ» ልበለው።